እማዬ ጉልበቷ ተቀይሮ "ያቺን የስቴሮይድ መርፌ ድገሙልኝ" እያለች ነው

የሲልቨር ስፕሪንጓ
ቅዳሜ ጠዋት

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

እማዬ 68 ዓመቷ ነው። ስኳር አለባት፣ ሜትፎርሚን ትወስዳለች። ቀኝ ጉልበቷ ስንት ዓመት ሲያሰቃያት ኖሮ ባለፈው ማክሰኞ ተቀየረላት። ረቡዕ ከሰዓት ቤት ገባን። እዚህ አገር እንደምታውቁት ብዙ አያስተኙም፣ ዎከር አስይዘው ይሸኛሉ።

ረቡዕ ማታ ጉድ አየን። ፊቷ ቲማቲም መስሏል። "ሕመሙ የታለ? ይህችን ነው እንዴ ስፈራ የኖርኩት?" እያለች አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ሁሉ ጋ ስትደውል ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሆነ። እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። እኛም ደስ ብሎን ነበር፣ ጠዋት ስኳሯን ስንለካ 286 እስኪል ድረስ። በባዶ ሆዷ ከ140 ብዙም አልፎ አያውቅም።

የመውጫ ወረቀቱን ሳገላብጥ በቀዶ ጥገናው ሰዓት ዴክሳሜታዞን 10 ሚሊግራም በደም ሥር እንደተሰጣት አየሁ። ጉግል ሳደርገው ስቴሮይድ ነው ይላል። ወንድሜ ይህን ሲሰማ "ጂም ቤት የሚወጉት ጡንቻ ማሳበጫ አይደል እንዴ? እናታችንን ምን እያደረጓት ነው?" ብሎ ቤቱን አተራመሰው።

ሐሙስ ማታ ሕመሙ መጣ። ጉልበቷ የሕፃን ራስ አክሏል። ኦክሲኮዶን የሚባለውን ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ውጣ እንኳ ታቃስታለች፣ እሱ ደግሞ ያቅለሸልሻታል፣ ሆዷንም አድርቆታል። አሁን የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "ያቺን የመጀመሪያዋን መርፌ ይድገሙልኝ።" ጎረቤታችን ጋሼ ይህን ሰምተው ለባለቤታቸው አስም የታዘዘ ፕሬድኒዞን ተርፎኛል፣ ለአምስት ቀን ትውሰድ፣ ተአምር ነው ብለው ብልቃጡን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠውልን ሄዱ። ይኸው ይህን ስጽፍ ፊት ለፊቴ ነው ያለው።

ሐኪሙን በኪኒን ይዘዝላት ብዬ ልጠይቅ? ስኳሯስ እንዲህ ሆኖ ሊቀር ነው? በዚያ ላይ ፍልሰታ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም ብላ ድርቅ ብላለች፣ መድኃኒቱን ሁሉ በባዶ ሆዷ ነው የምትውጠው። ያለፈበት ሰው ካለ ንገሩኝ።


የማታ ተረኛ

እህቴ አይዞሽ። እኔ ነርስ ነኝ፣ የምሠራው ልክ እንደ እናትሽ ጉልበትና ዳሌ የተቀየረላቸው ሰዎች የሚያድሩበት ክፍል ነው። የጻፍሽው በሙሉ በየሳምንቱ የማየው ነገር ነው።

መጀመሪያ ወንድምሽን አረጋጊው። የጂም ቤቱ ስቴሮይድ ከወንድ ሆርሞን ወገን ነው፣ ዴክሳ (ዴክሳሜታዞኑ) ደግሞ ከኮርቲዞን ወገን። ስም ብቻ ነው የሚጋሩት። ዴክሳ የሚሰጠው እብጠቱን እንዲያበርድና ከማደንዘዣ በኋላ የሚመጣውን ማስመለስ እንዲያስቀር ነው። ዴንማርክ ውስጥ ጉልበት በሚቀየርላቸው 485 ሰዎች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2022 ወጥቷል። እነሱ እንዲያውም 24 ሚሊግራም ነው የሰጡት፣ ከተሰጣቸው ገሚሱ በማግስቱ ተደግሞለታል፣ እና ካልተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸር በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚያስፈልጋቸው ሞርፊን ቀንሷል። ቀነሰ ነው የምልሽ፣ ሕመሙ ጠፋ አላልኩም።

እና ረቡዕ ለምን እንደዚያ ፈነደቀች? ሁለት ነገር ተደርቦላት ነው። አንደኛው ዴክሳው፣ ሁለተኛው ጭኗ አካባቢ የወጓት የነርቭ ማደንዘዣ። ማደንዘዣው በአንድ ቀን ገደማ ይለቃል። ዴክሳው አንድ ቀን ተኩል፣ ቢበዛ ከሁለት ቀን ትንሽ ፈቀቅ ቢል ነው። ሁለቱም ተከታትለው ሲወጡ ሕመሙ በአንድ ጊዜ ይመጣባታል። ለዚህ ነው ሁለተኛና ሦስተኛው ቀን ከሁሉም የሚከፋው፣ የተበላሸ ነገር ኖሮ አይደለም። እኛ ሰው ስንሸኝ ይህን ብንናገር ስንት ስልክ ይቀንስልን ነበር።

የፊቱ መቅላት፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ወሬ ማብዛቱ፣ ሁሉም የዴክሳ ነው። (አንድ አባት ሌሊቱን ሙሉ ውዳሴ ማርያም ሲደግሙልን አድረው ያውቃሉ። አጠገባቸው የተኛው ሰውዬ ራዲዮ ዝጉልኝ ብሎ ደውል ይጫናል።) ስኳሩም በአብዛኛው ሰው ላይ በሁለት ሦስት ቀን ይመለሳል። ግን አትዘናጊ፣ በቀን አራት ጊዜ ለክተሽ ጻፊ። ሁለት ጊዜ በተከታታይ ከ250 በላይ ካሳየሽ፣ ወይም ውሃ ውሃ ካሰኛትና ሽንት ካመላለሳት ሰኞን አትጠብቂ፣ ዛሬውኑ ደውይ። ስኳር ከፍ ብሎ ሲከርም ቁስል ቶሎ አይሽርም፣ ኢንፌክሽንም ይጋብዛል።

የጋሼን ብልቃጥ አመስግነሽ መልሺላቸው፣ ፕሬድኒዞንም ያው ስቴሮይድ ነው። መቼም ደም እንዳይረጋ ብለው አስፕሪን ጠዋትና ማታ ሳያዙላት አይቀሩም። አስፕሪን ላይ ፕሬድኒዞን፣ እሱም በባዶ ሆድ፣ ጨጓራዋን አድሚልኝ ብሎ መለመን ነው። ደግሞ ስቴሮይድ ትኩሳትን ይደብቃል፣ ቁስሉ ቢመረቅዝ በጊዜ ላታውቁት ትችላላችሁ።

ጾሙን በተመለከተ ንስሐ አባቷ ጋ ደውሉ። ቤተ ክርስቲያን የታመመ ሰው ጹም አትልም፣ እናቶች ግን ይህን ከልጅ አፍ ሲሰሙት እንደ ድፍረት ነው የሚቆጥሩት።


እውነቱን ልናገር

ስቴሮይድ መርዝ ነው፣ አለቀ። አክስቴን አጥንቷን በልቶ ነው የጨረሳት። ፈረንጅ ሕመሙን ላንድ ቀን ደብቆልህ ሂሳቡን ይቀበልና ቤትህ ይልክሃል፣ ቁስሉ ቢያመረቅዝ ያንተ ጉዳይ ነው። ዳማከሴና ፌጦ ይሻላት ነበር።


የማታ ተረኛ

ወንድሜ፣ አክስትህን ነፍስ ይማር። እሳቸው ግን ለወራት ወይም ለዓመታት ሲወስዱ ነበር ማለት ነው፣ አጥንት የሚበላው እንደዚያ ሲሆን ነው። እዚህ የምናወራው ስለ አንድ መርፌ ነው። ቁስል ያመረቅዛል የሚለው ፍርሃት ሐኪሞቹም ነበራቸው፣ ለዚህ ነው ቀዶ ጥገና የሚደረግላቸው 8,880 ሰዎች መዝግበው ግማሹን 8 ሚሊግራም ዴክሳ የሰጡት። ውጤቱ በ2021 ሲወጣ ዴክሳ ያገኙት ከሌሎቹ የበለጠ አላመረቀዙም። ስኳር ያለባቸውም ነበሩበት። ፌጦውን ቁስሉ ላይ እንዳታስነካ ብቻ።


ሁለቱም ጉልበቴ ብረት

እኔ 63 ዓመቴ ነው፣ ዳላስ ሃያ ምናምን ዓመት ታክሲ ነድቼ ሁለቱንም ጉልበቴን ጨርሼ አስቀየርኩ። ስቴሮይድን በሦስቱም መንገድ አውቀዋለሁ ማለት እችላለሁ፣ በጉልበት ውስጥ መርፌ፣ ኦፕራሲዮን ላይ በደም ሥር፣ በኋላም በኪኒን።

የጉልበት መርፌው መጀመሪያ ሲወጉኝ አራት ወር ያህል አስረሳኝ። ሁለተኛው ሁለት ወር። ሦስተኛው ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላም። ሞኙ እኔ ለኦፕራሲዮን ቀን ተቆርጦልኝ እያለ እስከዚያ ልሥራ ብዬ ሌላ ክሊኒክ ሄጄ አራተኛውን ተወጋሁ፣ ለቀዶ ሐኪሜም አልተናገርኩም። ከቀጠሮው ሳምንት በፊት አንዲት ነርስ ስትጠይቀኝ አፌ አመለጠኝ። ወዲያው ሰረዙት! ከመርፌው በኋላ ሦስት ወር ካልሞላ ብረት አናስገባም፣ ኢንፌክሽን ይበዛል አሉኝ። ከሚያዝያ ወደ ሐምሌ ገፉኝ። ያን ቀን ፓርኪንግ ውስጥ ቆሜ የሰደብኩትን ስድብ አሁን ሳስበው አፍራለሁ። ሴትዮዋ እግሬን ነው ያተረፈችልኝ።

ኪኒኑን የሰጡኝ በሁለተኛው ጉልበት ነው፣ አምስተኛው ሳምንት ላይ፣ አልታጠፍ ብሎኝ። ያቺ 21 ፍሬ ያላት ካርድ፣ መጀመሪያ ቀን ስድስት፣ ቀጥሎ አምስት፣ እየቀነሰ በስድስተኛው ቀን አንድ። ሁለተኛው ቀን ላይ ዘልዬ ልሮጥ ነው የቃጣኝ። ሌሊት ተነስቼ ጋራዥ አጸዳሁ። ሚስቴ ሌባ መስሏት በመጥረጊያ ልትመታኝ ነበር። ካለቀች በሦስተኛው ቀን ግን ግትርነቱ ወደነበረበት ተመለሰ። የጠቀመችኝ በእነዚያ ጥቂት ቀናት ውስጥ ሕመሙ ሲቀል እግሬን እንደ ልቤ ስላሠራሁት ብቻ ነው።

አሁን ለእናትሽ የምትሆን አንድ ነገር ልንገርሽ። ወንበር ላይ ትቀመጥ፣ ወለሉ ምንጣፍ የሌለበት ይሁን። ከተረከዟ ሥር ፌስታል አድርጊ፣ የገበያ ፌስታል። ከዚያ እግሯን ወደ ኋላ ወደ ወንበሩ ሥር ቀስ አድርጋ ትጎትት፣ ፌስታሉ ያንሸራትትላታል። ሲያማት ትቁም፣ አሥር ትቁጠር፣ አንዲት ጣት ያህል ትጨምር። ወለሉ ላይ ፕላስተር እየለጠፍሽ ምልክት አድርጊላት፣ የዛሬው ከትናንቱ ሲያልፍ ስታይ እልህ ይይዛታል። ከዚያ እግሯን ከልቧ ከፍ አድርጋ ጋደም ትበል፣ በረዶ በፎጣ ጠቅልለሽ ሃያ ደቂቃ። ትራስ ከጉልበቷ ሥር እንዳታደርጊ! ደስ ይላል ግን ታጥፎ ይቀራል፣ ትራሱ ከቁርጭምጭሚቷ ሥር ነው።

ኦክሲኮዶኑን ከልምምዱ ግማሽ ሰዓት አስቀድማ ብትወስደው ያግዛታል፣ እኔን እንደዚያ ነው ያሉኝ። ታይሌኖሉን (ፓራሲታሞሉን) ደግሞ ሕመሙ ሳይመጣ በሰዓቱ ነው። ስግደት ግን ለጊዜው ትርሳው፣ እኔ ዓመት ካለፈኝ በኋላም በትራስ ላይ ካልሆነ አልንበረከክም፣ ቆዳው ይደነዝዛል፣ የራስህ ጉልበት አይመስልህም። በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ቡና ማፍላቱም ቢሆን ከፍ ያለ በርጩማ ይፈልጋል።


መድኃኒት ቤት ነኝ

ከአዲስ አበባ ነው የምጽፈው፣ ፋርማሲስት ነኝ። ሁሉም የተናገሩት ጥሩ ነው፣ እኔ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ማንም ስላልጠየቀሽ። እናትሽ እዚህ እያሉ ለጉልበታቸው ምን ይውጡ ነበር?

የምጠይቅሽ ወድጄ አይደለም። እኛ ጋ ፕሬድኒሶሎን (የፕሬድኒዞን ወንድም የሆነ ስቴሮይድ) እና ዴክሳ ያለ ማዘዣ የሚጠይቅ ሰው በቀን ስንቴ እንደሚመጣ ብነግርሽ አታምኚኝም። ልጆች ለመወፈር ይፈልጉታል፣ ትልልቆቹ ለቁርጥማት። አንዱ መድኃኒት ቤት እምቢ ሲል ሌላው ይሰጣል። ስሙን እንኳ አያውቁትም፣ "ያቺን ትንሿን ነጯን" ነው የሚሉኝ። ፊታቸው እንደ ጨረቃ ክብ ብሎ፣ ክንዳቸው ላይ ቆዳው እንደ ወረቀት ሳስቶ በትንሹ የሚበልዝ እናቶች አሉ፣ ሳያቸው ገና ከበር አውቃቸዋለሁ።

ለምን መሰለሽ ይሄ የሚያሳስበኝ። ከኩላሊት በላይ ያሉት እጢዎች በየቀኑ ኮርቲሶል የሚባለውን የራሳችንን ስቴሮይድ ይሠራሉ። ሰው ከውጭ በየቀኑ ሲያስገባ፣ ከሦስት ሳምንት በላይ ከሆነ በተለይ፣ እጢዎቹ ሥራ ይፈታሉ። ያኔ በድንገት ማቆም አደገኛ ነው። ኦፕራሲዮን ሲመጣ ደግሞ ሰውነት ከወትሮው የበለጠ ይፈልጋል። በኦፕራሲዮኑ ቀን የተሰጣቸው 10 ሚሊግራም ዴክሳ በፕሬድኒሶሎን ሲሰላ ከ60 ሚሊግራም ይበልጣል፣ ስለዚህ ለአንድ ሁለት ቀን ሸፍኖላቸዋል። እሱ ሲያልቅስ?

ሲነሱ ያዞራቸዋል? ከሕመሙ ውጪ የሆነ ድካም፣ ምግብ ማስጠላት፣ ማቅለሽለሽ አለ? ማቅለሽለሹን በኦክሲኮዶን ብቻ አታሳቢው። ቦርሳቸውን እይ። ግን ሳትቆጪ ጠይቂያቸው እንጂ ይደብቃሉ።


የሲልቨር ስፕሪንጓ
ቅዳሜ ማታ

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

ከዎከሩ ተነስታ ሽንት ቤት ስትሄድ ግድግዳ ትይዝ ነበር፣ እኔ በሕመሙ መስሎኝ። መድኃኒት ቤት ነኝ ያልከውን ካነበብኩ በኋላ ቡና አፍልቼ አጠገቧ ቁጭ አልኩና "እማ፣ አዲስ አበባ እያለሽ ለጉልበትሽ የምትወስጃት ነገር ምን ነበረች?" አልኳት። "የጉልበት ቫይታሚን" አለችኝ። ከመዝሙር መጽሐፏ ጀርባ፣ በነጠላ ጫፍ የተቋጠረች ትንሽዬ የመድኃኒት ፖስታ አወጣች። ላይዋ ላይ በእስክሪብቶ ፕሬድኒሶሎን 5፣ በቀን አንድ ተብሎ ተጽፏል። ከዓመት በላይ ስትውጣት ኖራለች፣ አልቆባት ስትል ከአገር ቤት በሚመጣ ሰው ታስልክ ነበር። እኔም አንዴ "የእማዬ ቫይታሚን" ተብዬ ከኤርፖርት ተቀብያታለሁ፣ አስቡት።

ከኦፕራሲዮኑ በፊት በስልክ አስተርጓሚ "የምትወስጂው መድኃኒት አለ?" ሲሏት ሜትፎርሚን ብቻ አለች። ቫይታሚን ካለ ከሳምንት በፊት አቁሚ ተባለች፣ እሷም ታዛ አቆመች። ይኸው ነው። ማንም የቫይታሚኑን ስም አልጠየቀም። እኔም አጠገቧ ቁጭ ብዬ ነበር።

ለሐኪሙ የማታ መስመር ደውዬ ይህንን ስነግራቸው ድምፃቸው ተቀየረ። አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት፣ ፖስታዋንም ይዘሽ ሂጂ አሉኝ። እየወጣን ነው።


የማታ ተረኛ

ሂጂ ሂጂ። መድኃኒት ቤት፣ እጅህ ይባረክ፣ እኔ ማቅለሽለሹን አንብቤ አልፌዋለሁ። ስትደርሺ በር ላይ "ስቴሮይድ በድንገት አቁማለች፣ ቀዶ ጥገናም ተደርጎላታል" በያቸው፣ በዚህ ቅደም ተከተል።


እውነቱን ልናገር

እኔም አክስቴ እንደዚያች ዓይነት ፖስታ ነበራት። ለእናትሽ ምሕረቱን ያውርድላት።


የሲልቨር ስፕሪንጓ
ሐሙስ

ይቅርታ ዘገየሁ፣ ቤቱ ጠያቂ በጠያቂ ነው።

ደም ግፊቷ ሲለካ ዝቅ ብሎ ነበር፣ ስትቆም ደግሞ የባሰ ይወርዳል። በደም ሥር ፈሳሽና ሃይድሮኮርቲዞን (ያው ኮርቲሶሉን በመድኃኒት መልክ) ሰጧት፣ ሁለት ሌሊት አደረች። ለውጡ ያስደንቃል፣ በማግስቱ ሾርባ ጠየቀች፣ ምግብ ካስጠላት አራት ቀኗ ነበር። አሁን ፕሬድኒዞን በትንሹ ታዞላታል፣ ጠዋት ጠዋት ከቁርስ ጋር፣ ለጨጓራዋም መከላከያ አብሮ። በራሷ እንዳታቆም፣ ብታስመልስ ወይም ትኩሳት ቢይዛት ወዲያው እንድንደውል አስጠንቅቀውናል። የዴክሳው መርፌ ራሱ የደም ምርመራውን ስለሚያዛባው ኮርቲሶሏን ቆይተው ነው በደንብ የሚያዩት፣ መድኃኒቱንም የሚቀንሱላት እሱን አይተው ነው። የሆርሞን ሐኪም ቀጠሮ ለመስከረም ነው።

ስኳሯ ጠዋት 150ዎቹ ውስጥ ነው፣ ከሰዓት ይወጣል። ፕሬድኒዞን ጠዋት ሲወሰድ እንደዚያ ነው አሉ፣ ከምሳ በኋላ መለካቱን እንዳትተዉ ብለውናል።

ንስሐ አባቷ ራሳቸው ቤት መጥተው ገሠጿት። "አንቺ ጾምሽን ጨርሰሻል፣ አሁን ብዪ" አሏት። ከዚያ ወዲህ ከእኔ በፊት ቁርስ ላይ ትቀመጣለች። የጋሼን ብልቃጥ መለስኩላቸው፣ ትንሽ ቅር ብሏቸዋል።

ወንድሜ ሁለቱም ጉልበቴ ብረት፣ ፌስታሉ ሠርቷል። ወለሉ ላይ አምስት ፕላስተር ተለጥፏል። ዛሬ ፊዚዮቴራፒስቱ ጉልበቷ ምን ያህል እንደሚታጠፍ ሲለካት 84 ዲግሪ ሆነ፣ እሷ ግን የሚለካበት ነገር አልጣማትም፣ "የእኔ ፕላስተር ይበልጣል" ብላ አስተርጓሚውን አስቃዋለች። ለበርጩማው ስንት ዲግሪ ያስፈልጋል?


ሁለቱም ጉልበቴ ብረት

110 ከደረሰች ከፍ ያለው ይበቃታል። ለዝቅተኛው አትቸኩሉ፣ እኔ እስካሁን ሶፋ ላይ ነኝ፣ ቡናውን ሚስቴ ታቀብለኛለች።